ለሦስቱ ሴት ቡችሎች ቤት ላገኙላቸው የእንስሳት ሐኪም የቀረበ ምስጋና

የተከበራችሁ የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ይህን ምስጋና በአደባባይ የምጽፈው ሐኪሙ ለእኔ ከዋሉልኝ ውለታ ባሻገር፣ አሠራራቸው ውሻ ያለውም ሆነ ለማሳደግ ያሰበ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ባለፈው ኅዳር በግቢያችን ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወሩ ውሻቸውን በር ላይ ትተዋት ሄዱ። በሳምንቱ፣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ባደረበት ሌሊት፣ ከአሮጌ የሲሚንቶ ከረጢቶች ሥር 5 ቡችሎች ወለደች። ሁለቱ ወንዶች ዐይናቸውን ሳይገልጡ ጠያቂ አገኙ፤ ሴቶቹን ግን የሚፈልግ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ሦስቱን በሬሳ ወንዝ ዳር ልጥላቸው አስቤ ካርቶን እስከ ማዘጋጀት ደርሼ ነበር።

ጎረቤቴ የጠቆሙኝ ሐኪም በማግስቱ መጡ። ዱካ ላይ ተቀምጠው ቡችሎቹን አንድ በአንድ እያነሡ ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው ድዳቸውን በአውራ ጣታቸው ጫን ካደረጉ በኋላ፣ «ነጥቷል፣ ትል አለባቸው» ብለው መድኃኒት ሰጧቸው። ውሻ ሁለት ወር ገደማ ብቻ እንደምታረግዝ፣ ቡችላዋም 6 ወር ከሆናት ጀምሮ ልታረግዝ እንደምትችል ካስረዱኝ በኋላ፣ እናቲቱ ጡት ስታስጥል አመከኑልኝ፤ የተቀበሉኝም የመድኃኒቱንና የክሩን ዋጋ ብቻ ነበር።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ቡችላ ፈላጊዎችን የሚያነጋግሩበት መንገድ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላቸው አንዷንም ከእናቷ አልለዩም፤ ለመጣው ሁሉ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄም «ቤት ሲቀይሩ ለማን ይተዉአታል?» የሚል ነበር። ለግቢ ጥበቃ የፈለጓት አንድ ሰው «ያን ጊዜ ይታሰብበታል» ብለው ቢመልሱ፣ ሐኪሙ አንድም ቃል ሳይናገሩ ቡችላዋን ወደ ካርቶኗ መለሷት። እኔ ለወንዙ ያዘጋጀሁት ካርቶን ነበር።

በመንዝ መሐል ሜዳ ከተማ ለሚኖሩ ወላጆቹ አንዷን ሊወስድላቸው የመጣውን ወጣት ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ አነጋገሩት። ለመሐል ሜዳ ቅርብ በሆነው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ፣ ቁጥሩም በአገር ደረጃ ከ500 በታች የሆነ እንስሳ ሲሆን፣ ከውሾች የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የተባለው ሌላ የውሻ ተላላፊ በሽታ ደጋግመው ፈጅተውታል። ስለዚህ ቡችላዋ 3 ወር ሲሞላት እንድትከተብ፣ ክትባቱም በየዓመቱ እንዲታደስ፣ ከብት ተከትላም ወደ ጓሳ እንዳትወጣ ቃል አስገብተው፣ ቀኑን ከደብተር በቀደዱት ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡት። ሁለቱ እህቶቿ እዚሁ ከተማ ቤት አግኝተዋል፤ እናቲቱ ከእኛው ጋር ቀርታለች። በቀደም ደውለው ክትባቷን ያስታወሱኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔማ ረስቼው ነበር።

አንድ ቅሬታ ቢኖረኝ ስልክ ቶሎ አለማንሳታቸው ነው፤ ጠዋት ጠዋት በገጠር ቀበሌዎች በግና ከብት ሲያክሙ ስለሚውሉ ከሰዓት በኋላ መደወል ይሻላል። ቁጥራቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ቡችላ ለመውሰድ የምትደውሉ ከሆነ ግን ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይዛችሁ ደውሉ።