ሜፕል ወይስ ሃይድራንጃ? ለደብረ ብርሃን ግቢ የጃፓን ተክል ለሚመርጥ

ሰኔ በጠባ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፦ «ያ ቀይ የጃፓን ዛፍ ይሻላል ወይስ ያ ክብ አበባው?» ለደጋ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ክብ አበባው ሃይድራንጃ። ቀዩን ሜፕል በፎቶ መውደድ ነጻ ነው።

ከዋጋው እንነሳ። ጥሩ ሜፕል እንደ ፖም ችግኝ ቅርንጫፉ በሌላ ግንድ ላይ እየተጋጠመ (እየተዳቀለ) ስለሚባዛ ርካሽ ሊሆን አይችልም። ሃይድራንጃ ግን ከቅርንጫፍ ይበቅላል፤ ጎረቤት ካለው ወጪው ዜሮ ነው። ካላበበ ቅርንጫፍ 15 ሳንቲሜትር ቆርጣችሁ፣ የታች ቅጠሉን አራግፋችሁ፣ ሁለት አንጓ አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ቅበሩ። በላስቲክ ሸፍናችሁ ጥላ ሥር ብታኖሩት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል።

የምትገዙ ከሆነ ያበበውን ተዉት፤ አበባ ሲይዝ ዋጋው ይጨምራል። በሴራሚክ የተቀመጠውን ደግሞ በጥቁር ፕላስቲኩ ስንት እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ። «ሰማያዊ ነው» ተብሎ ለሚጨመር ዋጋ አምስት ሳንቲም አትክፈሉ። ቀለሙ የአፈሩ ሥራ ነው፤ ፒኤች (የአፈር ኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ5.5 በታች ሲሆን ሰማያዊ፣ ከ6.5 በላይ ሲሆን ሮዝ ይሆናል፤ ነጩ ብቻ አይለወጥም። አዲስ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ሥር የተተከለ ሰማያዊ ሮዝ ቢሆን ሻጩን አትውቀሱ፤ ፒኤቹን ከፍ ያደረገው የሲሚንቶው ኖራ ነው። ሰማያዊ የግድ ካላችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ አልሙኒየም ሰልፌት በ4 ሊትር ውኃ በጥብጣችሁ እርጥብ አፈር ላይ አጠጡ። አመድ ግን እንደ ኖራው ስለሚሠራ አታስጠጉበት።

ማጭበርበሩ የሚበዛው ሜፕል ላይ ነው። ቅጠሉ ሰማያዊ የሆነ የጃፓን ሜፕል በዓለም ላይ የለም። «የቦንሳይ ዘር» የሚባልም የለም፤ ቦንሳይ ዛፍን በዕቃ ውስጥ ድንክ አድርጎ የማቆየት የአገራረዝና የአያያዝ ጥበብ እንጂ የተክል ዓይነት አይደለም። እውነተኛ የሜፕል ዘር ቢገኝ እንኳ ከእርጥብ አሸዋ ጋር ፍሪጅ ውስጥ 3 ወር ያህል መቆየት አለበት፤ የበቀለውም እናቱን ላይመስል ይችላል። ችግኝ ሲቀርብላችሁ ቅጠሉን እዩ፦ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ትይዩ ካልወጣ ሜፕል አይደለም። ከመጋጠሚያው ጠባሳ በታች አረንጓዴ ቅርንጫፍ ከወጣ የመሠረቱ ግንድ ቀዩን ሊውጠው ነው፤ ከሥሩ ቁረጡት።

ትክክለኛው ቢገኝስ? ሜፕል ወራት የሚዘልቅ ቅዝቃዜና ዕረፍት የለመደ ዛፍ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊት ውርጭ ቢጥልም ቀኑ ፀሐይ ስለሆነ ዛፉ በቅጡ አይተኛም። የበጋው ደረቅ ነፋስ የቅጠሉን ጫፍ ያቃጥላል፤ ውኃ ሲበዛለት ደግሞ ዋልካው ሥሩን ያበሰብሰዋል።

ሃይድራንጃም ያለ ድካም አይሆንም። ጉድጓዱ 50 በ50 ሳንቲሜትር ይሁን፤ ዋልካ፣ አሸዋና ብስባሽ እኩል ደባልቁና 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ። አለዚያ ሐምሌ ላይ ውኃ ይቋጥራል፤ ጥር ላይ አፈሩ ሲሰነጠቅ ሥር ይበጥሳል። የሚተከለው ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ ጥቅምት የተተከለ ሥር ሳይሰድ የኅዳር ውርጭ ይደርስበታል። ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝበት ግድግዳ አጠገብ ይሁን፤ የቆርቆሮው ፍሳሽ የሚወርድበት መስመር ላይ ግን አይሁን። ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ጆንያ አልብሱት፣ ጠዋት ግለጡት። በበጋ በሳምንት ሁለቴ ባለ20 ሊትር ጄሪካን ለሁለት ግንድ ይበቃል።

«አላብብ አለኝ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በመቀስ ጥፋት ነው። የተለመደው ክብ አበባ የሚወጣው ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ ስለሆነ አበባው እንዳለፈ ወዲያው ግረዙት፤ ዘግይቶ የሚገርዝ የመጪውን አበባ እንቡጥ ነው የሚጥለው።

ቆላው ላይ፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላላችሁ ሁለቱም ይቅሩባችሁ፤ ዘንባባ የሚመስለው የጃፓን ተክል ሳይካስ ይሻላል። የሚሸጠው በግንዱ ቁመት ነው፤ በጣም ዘገምተኛ ስለሆነ ለቁመት መክፈል ለዓመታት መክፈል ነው። ከእናቱ ሥር የሚወጣውን ግልገል ግዙ፤ ቁስሉን ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ አሸዋማ አፈር ላይ ትከሉት። የዘንባባ ችግኝ በስሙ እንዳይሸጥላችሁ የቅጠሉን ጠርዝ ዳስሱ፦ የሳይካስ ወደ ታች ይጠቀለላል፣ የዘንባባ እንደ ቦይ ወደ ላይ ይታጠፋል። ዘሩም ቅጠሉም መርዝ ስለሆነ ፍየል ወይም ውሻ የሚፈታበት ግቢ ውስጥ በአጥር ከልሉት።