ጥንቸላችንን ላዳነችልን የእንስሳት ዶክተር ምስጋና (ደሴ)

ሰላም የደሴ ልጆች፣ የኮምቦልቻና የሐይቅ ሰዎችም እንዴት ናችሁ። ይሄን የምጽፈው አንዲት ዶክተር ለማመስገን ነው፣ በዛውም ቤታችሁ ጥንቸል ያላችሁ (ብዙ እንዳልሆናችሁ ይገባኛል ግን አላችሁ) የት እንደምትሄዱ እንድታውቁ ብዬ ነው።

ሻሼ የልጄ ጥንቸል ናት። ጎመኑን አሽትታ ተወችው፣ ካሮት ሲቀርብላት ፊቷን አዞረች፣ ጥግ ይዛ ኩርምት ብላ ቀረች። ከስሯ የማይጠፋው በጠጥም የለም፣ የተገኘውም ጥቃቅንና ደረቅ ነው። ምክር ሰጪ መቼም አይጠፋም፣ አንዱ ብርድ ነው ነገ ትበላለች አለ፣ አንዷ አሞክሲሲሊን በጥብጠሽ አጠጫት አለችኝ፣ መጀመሪያ የወሰድናት ቦታ ደግሞ ገና ካርቶኑን ሳይከፍቱ "ጥንቸል ምኑ ይታከማል፣ ሌላ ግዢላት" ብለው ሳቁ። ልጄ እዛው ፊታቸው ማልቀስ ጀመረች፣ በቃ ይዣት ወጣሁ።

ከዛ የስራ ባልደረባዬ ይቺን ዶክተር ጠቆመችኝና በባጃጅ ኮንትራት ሄድን። በር ላይ ያሉት ጥበቃ ካርቶኑን አየት አርገው "እኔ ድመት መስሎኝ" አሉ፣ ውስጥ ደግሞ ከኩታበር በግ ይዘው የመጡ አባት ወረፋቸው ደርሶ ነበር፣ "የኔው በግ ይቆያል፣ ይቺ ሚስኪን ትቅደም፣ አላህ ያሽራት" ብለው ለቀቁልን። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅኩም፣ እሳቸውንም አላህ ይስጥልኝ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረችው። ቶሎ መርፌ አልወጋችም፣ እሱ ነው መጀመሪያ የወደድኩላት። ምን ስትበላ ነው የከረመችው፣ መጨረሻ መቼ በላች፣ በጠጡ ምን ይመስላል ብላ ጠየቀች፣ ከዛ ሆዷን በሁለት ጣት ቀስ እያረገች ዳበሰች፣ በማዳመጫም ቆይታ ሰማች። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ቢሆን በአፍ ምግብ ማስገባት አደጋ ነው አለችኝ፣ ጥንቸል ማስመለስ ስለማትችል የገባው መውጫ የለውም። የሻሼ አልተነፋም፣ አንጀቷ ግን ዝም ብሏል። ሙቀቷን ስትለካ 37.6፣ ጤነኛ ጥንቸል ከ38.5 እስከ 40 ባለው ውስጥ ነው የምትሆነው፣ ስለዚ ሰውነቷ እየቀዘቀዘ ነበር ማለት ነው። ወዲያው ሙቅ ውሃ በሃይላንድ አስሞልታ በፎጣ ጠቅልላ አጠገቧ አረገችላት፣ ጉሉኮስ ነገር ከቆዳዋ ስር ሰጠቻት፣ የህመም ማስታገሻም ወጋቻት። ጥንቸል ካመማት አትበላም፣ ካልበላች አንጀቷ ይቆማል፣ አንጀቷ ሲቆም ደግሞ ይብስ ያማታል፣ ስለዚ መጀመሪያ ህመሙ ነው መቆረጥ ያለበት አለች። ስለ አሞክሲሲሊኑ ስነግራት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች፣ በአፍ ሲሰጥ የሆዳቸውን ጥሩ ባክቴሪያ ጨርሶ ሊገላቸው ይችላል ለካ።

አሁን ዋናው ጋ ልምጣ። ሌላ ሐኪም ቢሆን እዚህ ላይ መድሃኒት ፅፎ ይሸኘናል። እሷ ግን የሻሼን አገጭ ስትዳብስ ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ አገኘችው፣ እኛ ውሃ ጠጥታ ነው ብለን ያለፍነውን። ልጄን "ያዢልኝ እስኪ ማሬ፣ አብሽሪ" ብላ፣ የጆሮ ማያ መብራቷን በጉንጯ በኩል አስገብታ አየች አየችና ስልኳን አውጥታ ፎቶ አንስታ አሳየችኝ። የታችኛው መንጋጋዋ ጥርስ ጫፉ ወደ ምላሷ በኩል መርፌ መስሎ አድጓል፣ ምላሷ ጎን ላይ ቀይ ቁስል አለ። ወይኔ ሻሼ፣ ባኘከች ቁጥር ስትወጋ! የጥንቸል ጥርስ እድሜ ልኩን ነው የሚያድገው፣ የፊቱ ብቻ በሳምንት 2 ሚሊሜትር ገደማ ይጨምራል አሉ፣ የሚያሳጥረው ደግሞ ሳርና ድርቆሽ ማኘክ ነው። ልጆቹና እማዬ በፍቅር ፉሩሽካና ዳቦ ሲያበሏት ከርመዋል፣ እሱ ለስላሳ ነው፣ ጥርስ አይሞርድም።

ጥርሱን ያኔውኑ አልነካችም፣ መጀመሪያ ትሙቅ፣ ሆዷ ይንቀሳቀስ አለችና ሲረጋጋላት ቀጠረችን። እኔ ቀጠሮው ሲደርስ አስርቤ ላምጣት ስላት "ኧረ በጭራሽ፣ ጥንቸል ለማደንዘዣ አትራብም" አለች፣ እዛው ያስተማራት መምህር ጋርም ደውላ የማደንዘዣውን መጠን አረጋገጠች። ጥንቸል በብዛት አይመጣልኝም፣ ጠይቄ ነው የምሰራው ብላ በግልፅ ነገረችኝ፣ እንደኔ ይሄ ከሁሉም በላይ ያሳምናል። የጥርሱን ሹል ጫፍ ሞርዳ አስተካከለችላት፣ በመቁረጫ አትቆርጥም፣ ጥርሱ ይሰነጠቃል።

ቀጠሮው እስኪደርስ ቤት የምንሰጣትን እሷው አሳየችን፣ የደቀቀ ድርቆሽ በወንፊት ተነፍቶ ከጎመን ጋር ለብ ባለ ውሃ ይለወስና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ ከፊት ጥርሷ ጎን ባለው ክፍተት በኩል፣ ጭንቅላቷን ወደ ላይ ሳታዞሩ፣ ጠብ ጠብ እያረጋችሁ እስክታኝክ እየጠበቃችሁ። ማታ ማታ በዋትሳፕ የበጠጡን ፎቶ ላኪልኝ ትለኛለች (ባሌ ይሄን ሲያይ ሳቁ አልቆም አለው)፣ እኔም እልክላታለሁ፣ እሷም ትመልሳለች፣ "አሁን ትልቅ ትልቅ ሆኗል፣ አልሃምዱሊላህ" ምናምን። የትኛው የሰው ሐኪም ነው እንዲህ የሚከታተለው?

ሻሼ አሁን ድርቆሽ ስታኝክ ድምጿ ከሌላ ክፍል ይሰማል። የከፈልነው ሁሉም ተደምሮ እንዳሰብኩት አልከበደም፣ የመጀመሪያው ቀን ሂሳብ ከባጃጅ ኮንትራቱ ብዙም አይበልጥም ነበር።

ጥንቸላችሁ ግማሽ ቀን ካልበላች ነገ እናያለን አትበሉ፣ በጠጥ ካቆመችማ ጭራሽ። የዶክተሯን ስምና ስልክ እዚህ አልፅፍም፣ ቀን ከሌት ይደወልልኛል ብላ ስለፈራች፣ ለምትፈልጉ ኢንቦክስ አርጉልኝ ወዲያው እልካለሁ። ስትሄዱ ጥንቸሏ የምትበላውን ነገር ትንሽ ትንሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ዶክተሯ ማየት ትፈልጋለች። ሰኞ ሰኞ ግን ገበያ ስለሆነ ግቢው በበግና ፍየል ይሞላል፣ የባሰ ካልሆነ በሌላ ቀን ሂዱ፣ የባሰ ከሆነ ግን በር ላይ ላሉት ጥበቃ ንገሯቸው፣ ያስገቧችኋል።