«ትሮን»፦ ፊልሙን አይቶ ማሽኑ ፊት መቆም

ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1982 በስቲቨን ሊዝበርገር አዘጋጅነት ያወጣውን «ትሮን» የተባለ የሳይንስ ልብወለድ ፊልም በቅርቡ ደግሜ ተመለከትሁ፤ በዚያው ሰሞንም ከእሱ የተወለዱትን ሁለት የአርኬድ (በመጫወቻ ቤት በሳንቲም የሚሠራ ማሽን) ጌሞች በጥንቃቄ በታደሱ ማሽኖች ላይ የመጫወት ዕድል አገኘሁ። ሦስቱን አንድ ላይ የምገመግማቸው ፊልሙ ራሱ የአንድ ጌም ፈጣሪ ታሪክ ስለሆነ ነው። ጄፍ ብሪጅስ የሚተውነው ኬቨን ፍሊን የሠራቸውን ጌሞች ሌላ ሰው ሰርቆ ሹመት አግኝቶባቸዋል። ፍሊን ማስረጃ ፍለጋ በሌሊት ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ በሌዘር ተበትኖ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይወድቃል፤ ከውጭ ሆኖ ሲጫወተው የኖረውንም ጨዋታ ከውስጥ ሆኖ ለነፍሱ ሲል ይጫወተዋል።

የፊልሙ መልክ ዛሬም አልደበዘዘም። ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠሩት ትዕይንቶች ሃያ ደቂቃ ያህል ቢሆኑ ነው፤ የቀረው የእጅ ድካም ነው። ተዋንያኑ በጥቁር መድረክ ላይ በጥቁርና ነጭ ፊልም ከተቀረጹ በኋላ እያንዳንዱ ምስል በትልቁ ታትሞ፣ ከጀርባው ብርሃን እየተለቀቀበት እንደገና ተነሥቷል። የልብሳቸው መስመር ላያቸው ላይ የተቀባ ሳይሆን ከውስጣቸው የሚወጣ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ሲድ ሚድ የነደፋቸው የብርሃን ሞተርሳይክሎች ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ በዘጠና ዲግሪ ሲታጠፉና ከኋላቸው ግድግዳ ሲተዉ ማየት አሁንም ትንፋሽ ያስይዛል፤ የዌንዲ ካርሎስ ሙዚቃም ለዚያ ዓለም የሚገባውን ግርማ ይሰጠዋል። ታሪኩ ግን ከእኩሌታው በኋላ ይጎትታል፣ ንግግሩም በቴክኒክ ቃላት ይከብዳል፤ ይህን በልጅነቴ አላስተዋልሁትም ነበር።

የጌም ኩባንያው ባሊ ሚድዌይ በዚያው ዓመት ያወጣው የአርኬድ ማሽን ፊልሙ የጀመረውን ነገር ይፈጽመዋል ብዬ አምናለሁ። በቀኝ እጅ ቃታ ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰማያዊ ጆይስቲክ (መንጃ ዘንግ) ይያዛል፤ በግራ እጅ ደግሞ የሚሽከረከር መዘውር ይዞራል። ጆይስቲኩን አልትራቫዮሌት መብራት ስለሚያበራው ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ የፊልሙን ብርሃን በእጅ የጨበጡት ያህል ይሰማል። ጨዋታዎቹ አራት ናቸው፤ ወደሚቀጥለው ደረጃ ለማለፍ አራቱንም ማሸነፍ ያስፈልጋል። የሞተርሳይክሉ ውድድር ዝናው ከሁሉም የላቀ ቢሆንም የተቃዋሚዎቹን አካሄድ ያጠና ሰው በቶሎ ይረታቸዋል፤ ሸረሪት መሰሎቹን ተኩሶ ወደ ማማው መግባትና የሚሽከረከረውን ባለቀለም ግንብ መሸንቆርም አጫጭር ናቸው። እኔን የሚያስቀረኝ የታንኩ ጨዋታ ነው። ቀኝ እጅ ታንኩን በጠባቡ መተላለፊያ ሲነዳ፣ ግራ እጅ አፈሙዙን ለብቻው ያዞራል፤ ጥይቱ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚሄድም ሁለቱ እጆች የተለያየ ሐሳብ ማሰብ እስኪለምዱ ድረስ ብዙ ሳንቲም ይበላል። ለአሥራ ሁለቱ ደረጃዎች እንደ «ኮቦል»፣ «ቤዚክ»ና «ፎርትራን» ካሉ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋዎች የተዋሰ ስም መሰጠቱና የመጨረሻው «ዩዘር» (ተጠቃሚ) መባሉ፣ ሠሪዎቹ ፊልሙን ከልብ እንደወደዱት ያሳየኛል።

እ.ኤ.አ. በ1983 የተከተለው «ዲስክስ ኦፍ ትሮን» መጀመሪያ የዚሁ ማሽን አካል እንዲሆን ታስቦ ሳይደርስ የቀረ ክፍል ነበር። ለብቻው መውጣቱ በጀው። ጨዋታው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፊልሙ በስሙ የተጠራበት ገጸ ባሕርይ ትሮንና ጠላቱ ሳርክ በአየር ላይ በተንሳፈፉ ክብ መቆሚያዎች ላይ ሆነው ዲስክ ይወራወራሉ፤ ዲስኩ በግድግዳ ነጥሮ ሊሄድና ወደ ወርዋሪው ሊመለስ ይችላል። ተጫዋቹ ገብቶ የሚቆምበት ትልቁ ዓይነት ማሽን ከተገኘ ሌላውን አልመርጥም፤ ድምፁ ዙሪያውን ይከባልና።

ሁለቱም ጌሞች ዛሬ በቤት ኮምፒውተር ላይ በኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን አሠራር በሚመስል ፕሮግራም) ይሠራሉ፤ እኔም ሞክሬያቸዋለሁ። ምስሉ ያው ነው፤ ነገር ግን መዘውሩ በቁልፎች ሲተካ ታንኩ እየተንገጫገጨ ያነጣጥራል፣ የዲስኩም አቅጣጫ ከእጅ ያመልጣል። ፊልሙን በቤት ማየት ይበቃል፤ ለጌሞቹ ግን መንገድ መሄድ ቢያስፈልግም መዘውሩ ያለበትን ማሽን ፈልጎ ማግኘት ይሻላል።