ማሻሻል ይሻላል ወይስ አንስቶ እንደገና መክፈት?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ እናስብ። የታክስ ይግባኙን አስገብቷል። ከሳምንት በኋላ ሲያነበው ዋናው ነጥብ የለም፤ ወጪዎቹ ያላግባብ ውድቅ መደረጋቸውን ረስቶታል። ወይ አቤቱታውን ያሻሽላል፣ ወይ መዝገቡን አንስቶ፣ ማለትም ይግባኙን ራሱ አቋርጦ፣ በአዲስ ይከፍታል።

አዲስ መክፈት ያጓጓል። ወረቀቱ ንጹህ ይሆናል። ችግሩ ቀኑ ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለይግባኝ የሰጠው 30 ቀን ነው። መዝገብ ስላነሱ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል ብሎ መተማመን አደጋ አለው። በመደበኛ ፍርድ ቤት እንኳ ከሳሹ ራሱ ያቋረጠው ክስ የይርጋ ጊዜን፣ ማለትም የመክሰሻ ቀነ ገደብን፣ አያራዝምም። ቀኑ ካለፈ ያንን ንጹህ ወረቀት ይዞ በድሬ ፀሐይ ወደ ሱቅ መመለስ ነው።

ማሻሻል መዝገቡን በቦታው ያቆየዋል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 91ም ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ አቤቱታን በፈቃድ ለማሻሻል በር ይከፍታል። በታክስ ግን ሌላ ማነቆ አለ። ይግባኙን የሚሰማው የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ካልፈቀደ በቀር፣ ይግባኙ አስቀድሞ ለታክስ ባለሥልጣኑ በቀረበው ቅሬታ ላይ ከተነሱት ምክንያቶች አይወጣም። ስለዚህ ሰውዬው ይግባኙን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ መጀመሪያ ለባለሥልጣኑ ያስገባውን ቅሬታ አውጥቶ ያንብብ። ነጥቡ እዚያ ካለ ነገሩ ቀላል ነው፤ ማብራራት ብቻ። ከሌለ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። አዲስ መዝገብም ከዚህ አያድነውም፣ ብዙ ሰው የሚስተውም ይህንን ነው።

እኔ ብሆን አሻሽላለሁ። አዲስ የምከፍተው ከ30ው ቀን ገና ብዙው በእጄ ካለ ብቻ ነው።