የንጉሥ ችሮታ ወይስ የፓርላማ ሕግ? የ1672 እና የ1689 የእምነት ነጻነት በእንግሊዝ

የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ በ1660 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከስደት ሲመለስ፣ ማንም በእምነቱ እንዳይሳደድ ቃል ገብቶ ነበር። ፓርላማው ግን አልተቀበለውም። እስከ 1662 ድረስ፣ የመንግሥቱን (የአንግሊካን) ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አንቀበልም ያሉትን ጨምሮ፣ 2,000 ገደማ ካህናት ከየደብራቸው ተባረሩ።

የ1672ቱ መፍትሔ የንጉሡ አዋጅ ነው። ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ፕሮቴስታንቶች ፈቃድ እያወጡ በይፋ እንዲሰበሰቡ፣ ካቶሊኮችም በቤታቸው እንዲያመልኩ ፈቀደ። ሰባኪው ጆን በንያን 12 ዓመት ገደማ ከታሰረበት ከቤድፎርድ ወህኒ የወጣው ያኔ ነው። ችሮታው ሰፊ ነበር፤ መሠረቱ ግን የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው። ፓርላማው «ሕግ ማገድ የንጉሥ ሥልጣን አይደለም» ብሎ ሲጸናበት፣ ገንዘብ የቸገረው ንጉሥ በ1673 አዋጁን ሻረ። በንያንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ታሰረ።

የ1689ኙ የመቻቻል ሕግ ጠባብ ነው። ታማኝነትን በመሐላ ይጠይቃል፣ የጉባኤው በር እንዳይቆለፍ ያዛል፣ ካቶሊኮችንና ሥላሴን የማይቀበሉትን ያገላል። ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የተለዩትን የመንግሥት ሹመት የሚከለክለው ሕግም ባለበት ቆየ። ቢሆንም ንጉሥ ብቻውን ሊሽረው አይችልም፤ ለዚህም ነው እኔ ይህንን የማስበልጠው። አምላኪ ነገ ምን ይመጣብኝ ይሆን እያለ በስጋት ሊኖር አይገባም።

ለካቶሊኮች ግን ፍርዱ ይገለበጣል፤ በሕግ የተፈቀደ ቅዳሴ ለማግኘት እስከ 1791 መጠበቅ ነበረባቸው።