በባሕር ዳር ያሠራነው የእንግዳ ማረፊያ ኔትወርክ፦ የአገልግሎት ግምገማ

በጣና ሐይቅ ዳር በሚገኘው የእንግዳ ማረፊያችን አዲስ የኔትወርክ ዝርጋታ ካሠራን ሦስት ወር ሆኖናል። የሠራልንን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ የማነሣውን ጉድለት በሌሎች ቦታዎችም ስላየሁት ጉዳዩ ከአንድ ድርጅት በላይ ነው።

ስለ ገመዱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ገመድ ላይ ቁጥር ተለጥፏል፤ ዋይፋዩም ከእንግዳ መቀበያው እስከ ሐይቁ ዳር መናፈሻ ሳይቆራረጥ ይደርሳል። ባለሙያዎቹ በቀጠሯቸው መጥተው በአራት ቀን ጨርሰዋል።

ቅሬታዬ ያለው በማስተዳደሪያው ላይ ነው። ስዊቾቹን (ገመዶቹ የሚገናኙባቸውን መሣሪያዎች) እና ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራውን) ከአንድ ኮምፒውተር እንድንከታተል ኤስኤንኤምፒ የተባለውን ፕሮቶኮል አዘጋጅተውልናል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የዩፒኤሱ ባትሪ ምን ያህል እንደቀረው ማየት መቻላችን ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የመረጡት ቪ2ሲ የሚባለውን አሮጌ ስሪት ሲሆን፣ እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግለውን «ኮሚዩኒቲ»ም ሁሉም ሰው በሚያውቀው የተለመደ ቃል ትተውታል፦ ለማንበብ «ፐብሊክ»፣ ለመለወጥ «ፕራይቬት»።

ከርክክቡ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት መናፈሻው ውስጥ ተቀምጬ ላፕቶፔን በእንግዶች ዋይፋይ አገናኘሁ። አንዲት መስመር ትእዛዝ ከ«ፐብሊክ» ጋር ስጽፍ የስዊቹ ሞዴል፣ የሶፍትዌሩ ስሪትና የፖርቶቹ (የገመድ መሰኪያዎቹ) ዝርዝር ተከታትሎ ወረደ፤ ፖርት 7 «ካሸር» የሚል ስያሜ እንዳለው ሳይቀር ታየ። ገንዘብ ተቀባይዋን አስፈቅጄ በ«ፕራይቬት» ያንኑ ፖርት እንዲዘጋ ሳዝዘው ኮምፒውተሯ ወዲያውኑ ከኔትወርክ ወጣ። እንግዳ ሆኖ ያደረ ማንኛውም ሰው ይህን ማድረግ ይችል ነበር።

ባለሙያውን ስጠይቀው «ጋሼ፣ ይህ እኮ የውስጥ ኔትወርክ ነው፤ ማን ይገባበታል?» አለኝ። በእንግዳ ማረፊያ ግን ውስጥ የሚባለው ቦታ በየቀኑ አዲስ ሰው የሚገባበት ነው። ቃሉን መለወጥም ብቻውን አይበቃም፤ በቪ1ም ሆነ በቪ2ሲ ኮሚዩኒቲው ሳይመሰጠር ስለሚጓዝ፣ በመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ላይ ዋየርሻርክን (በኔትወርኩ የሚያልፈውን መልእክት የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍቼ ስመለከት ቃሉ ፊደል በፊደል ይነበብ ነበር። ኤስኤንኤምፒ ጥያቄ የሚቀበልበት በር፣ ዩዲፒ 161፣ ከኢንተርኔት በኩል መዘጋቱን ግን አረጋግጫለሁ፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ክፍት ቢሆን ኖሮ በትንሽ ጥያቄ ትልቅ መልስ የሚሰጠው ይህ ፕሮቶኮል የላኪ አድራሻ አስመስለው ሌላ ሰው ላይ የመረጃ ጎርፍ ለሚለቁ አጥቂዎች መሣሪያ በሆነ ነበር።

ማንነትን የሚያረጋግጠውና መልእክቱን የሚመሰጥረው አዲሱ ስሪት ቪ3 እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2002 ሙሉ ስታንዳርድ ሆኗል። እስካሁን ችላ የሚባልበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል፦ ቪ2ሲ አንድ ቃል ብቻ ሲፈልግ፣ ቪ3 በየመሣሪያው ላይ ተጠቃሚ መፍጠር፣ ሁለት ቁልፍ መስጠትና የምስጠራውን ዓይነት መምረጥ ይጠይቃል፤ ሠራተኛው ደግሞ የሚከፈለው ኔትወርኩ ሲሠራ ነው። ቪ3 ራሱም እንከን የለሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንድ ሶፍትዌሮች ላይ የማረጋገጫ ኮዱ በአንድ ባይት ብቻ እንዲታለፍ የሚያደርግ ስሕተት ተገኝቷል፤ የቆዩት የማረጋገጫና የምስጠራ ዘዴዎች ኤምዲ5ና ዲኢኤስም ዛሬ የሚታመኑ አይደሉም። ስለዚህ በምትካቸው ኤስኤችኤንና ኤኢኤስን መምረጥ፣ ሶፍትዌሩንም ማደስ ያስፈልጋል።

ይህን በጽሑፍ ሳቀርብላቸው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተመልሰው መጥተው በግማሽ ቀን ስዊቾቹን ወደ ቪ3 ቀየሩ፣ የመለወጥ ፈቃዱን ዘጉ፣ ማስተዳደሪያውንም ከእንግዶቹ ዋይፋይ ለይተው በራሱ ቪላን (በዚያው መሣሪያ ላይ ተለይቶ በሚከፈል ኔትወርክ) አስቀመጡት። ዳግመኛ ባሠራ እነርሱኑ እጠራለሁ፤ ነገር ግን «ቪ3 ብቻ» የሚለውን በውሉ ላይ አስጽፌ ነው።

የቀረው ዩፒኤሱ ነው። የኔትወርክ ካርዱ ቪ3ን ስለማያውቅ በቪ2ሲ እንደቀጠለ ነው፤ ቃሉ ተለውጦ፣ ከመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር በቀር ለማንም እንዳይመልስ ተደርጓል። የአዲሱን ካርድ ዋጋ እንዲያቀርቡልን ጠይቀናቸዋል።