የበረዶዋ ልጅና የድንቹ ማሳ፦ «ዘ ስኖው ቻይልድ»ን ለምታነቡ

ተረትን ወደ ልቦለድ የሚያመጡ ደራሲያን ብዙዎቹ የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አስማቱን ያበዙና ሰዎቹ ምን በልተው እንደሚያድሩ ይረሱታል። ኤዮዊን አይቪ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው የመጀመሪያ ልቦለዷ «ዘ ስኖው ቻይልድ» ከዚህ ያመለጠችው ድንች ስለምታስተክል ነው ብንል ብዙም አላጋነንም። ከበረዶ የተሠራች ልጅ ነፍስ ዘርታ ጫካ ውስጥ ትሮጣለች ተብሎ ሲነገረን የምናምነው፣ ከዚያ በፊት ጉቶ ሲነቀል፣ ፈረስ ሲጠመድ፣ ጎተራ ሲራቆት ስላየን ነው።

ዘመኑ 1920፣ ቦታው አላስካ ነው። ጃክና ሜብል ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው ባልና ሚስት ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ልጃቸው ሞቶ ተወልዷል፤ ከዚያ ወዲህ ልጅ አላገኙም። የዘመድ አዝማድ ልጆችን ጫጫታ ሽሽት ከፔንሲልቬንያ ተነሥተው ዎልቨሪን በሚባል ወንዝ ዳር መሬት ያዙ። ወንዙ የደራሲዋ ፈጠራ ነው፤ አገሩ ግን እውነተኛ ነው። አይቪ ያደገችው እዚያው አላስካ ሲሆን፣ ፓልመር በምትባል ትንሽ ከተማ መጀመሪያ በጋዜጠኝነት፣ ኋላ በመጻሕፍት ሻጭነት ሠርታለች። የልቦለዱን መነሻም ያገኘችው ከመደብሩ መደርደሪያ ላይ፣ ለልጆች ከተዘጋጀ ባለሥዕል የሩሲያ ተረት ነው። መጽሐፉ በ2013 ለፑሊትዘር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ነበር።

ከማንበባችሁ በፊት ጥቂት ቁጥሮች ብትይዙ ይጠቅማችኋል፣ ምክንያቱም አይቪ ረሃቡን እንጂ ሒሳቡን አትነግራችሁም። በዘመኑ የመሬት ሕግ አንድ ሰፋሪ የሚሰጠው 160 ኤከር ነበር፤ ወደ 65 ሄክታር ማለት ነው። ሰፊ ይመስላል፤ ግን ጫካ ነው፣ የሚታረሰው ዛፉ ተቆርጦ ጉቶው ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው። በዚያ አካባቢ የታኅሣሥ ቀን አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ብርሃን አለው። በሰኔ ደግሞ ፀሐይ ከ19 ሰዓት በላይ ስለማትጠልቅ አትክልቱ ያለ ልክ ያድጋል። (በፓልመሩ ዓመታዊ ትርኢት፣ መጽሐፉ በወጣበት በ2012፣ ከ62 ኪሎ ተኩል በላይ የመዘነ ጥቅል ጎመን ቀርቧል።) የአላስካ ባቡር ሐዲድ የተጠናቀቀው በ1923 ስለሆነ፣ በታሪኩ መጀመሪያ ገበሬው ምርቱን ለማን እንደሚሸጥ ገና እርግጠኛ አይደለም። ጃክ እርሻውን ትቶ ከሰል ማዕድን ልግባ የሚለው፣ ሜብል ፓይ እየጋገረች ለከተማው ሆቴል የምትልከው ለዚህ ነው። ሙስ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዘር ለመግደል የሚደረገው አደንም ከዚህ ሲታይ የጀብድ ትዕይንት አይደለም፤ ከአንድ ትልቅ ወንድ ሙስ ከ200 ኪሎ በላይ ሥጋ ስለሚወጣ የዓመቱ ቀለብ እዚያ ላይ ተንጠልጥሏል።

በመጽሐፉ ውስጥ የሙቀት ልኬቱ በፋራናይት ነው። ዜሮ ከተባለ ከዜሮ በታች 18 ሴልሺየስ፣ ከዜሮ በታች 20 ከተባለ ደግሞ ከዜሮ በታች 29 መሆኑን አስቡ። ከዜሮ በታች 40 ላይ ሁለቱም ልኬቶች ይገጥማሉ።

ሌላም ነገር አለ፤ በሚኒሶታ ወይም በስዊድን የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ በረዶ ያላየ አንባቢ ግን ያልፈዋል። የሰው ምስል የሚሠራበት በረዶ እርጥብ፣ ዜሮ ሴልሺየስ አካባቢ የወረደ በረዶ ነው። ብርዱ ሲጠና እንደ ዱቄት ይበተናል፣ አይያያዝም። ባልና ሚስቱ የልጅ ምስሉን የሚሠሩት በወቅቱ የመጀመሪያ በረዶ ዕለት መሆኑ ለማስዋብ ብቻ የገባ ዝርዝር አይደለም።

ምስሉን ሠሩ፤ ቀይ ሻርፕና ጓንት አለበሱት። በማግሥቱ ምስሉ ፈርሷል፣ ሻርፑና ጓንቱ የሉም፣ ከዚያ የሚነሣ የትንሽ ልጅ ዱካ ወደ ጫካ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ብዙ አንባቢ የሚሠራው ስሕተት «ልጅቷ ሰው ናት ወይስ በረዶ?» የሚለውን ጥያቄ በቶሎ ለመዝጋት መቸኮል ነው። አትቸኩሉ። ይልቅ ፋይና የምትባለው ይህች ልጅ በታየች ቁጥር ማን እንዳያት፣ ብቻውን ይሁን ከሌላ ጋር፣ ምን አካላዊ ማስረጃ እንደቀረ ልብ በሉ። ሜብል የምታየውና ጃክ የሚያየው አንድ አይደለም፤ እንዲያውም ጃክ ጫካ ውስጥ ያገኘውን አንድ ነገር ለሚስቱ አይነግራትም። ጎረቤታቸው አስቴር ቤንሰን ደግሞ ከናካቴው አታምንም፤ በብርድ ወራት ጎጆ ውስጥ የተዘጋ ሰው ያልሆነውን ያያል ባይ ናት። ደራሲዋ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ እኩል ትመዝናለች፣ አንዱ ሲያይል ወዲያው ሌላውን ትጨምራለች። ማጂካል ሪያሊዝም (አስማቱን ከተራው ኑሮ ጋር እንደ እውነት አቀላቅሎ የሚተርክ አጻጻፍ) ሲባል ሰምታችሁ ምን እንደሆነ ያልጨበጣችሁ ካላችሁ፣ እዚህ በተግባር ታገኙታላችሁ።

የጽሑፉ ሥርዓትም የሚረዳ ምልክት አለው። ሰዎቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ የትምህርተ ጥቅስ ምልክት አለ፤ ፋይና ባለችበት ንግግር ግን የለም። የኅትመት ግድፈት አይደለም። ንግግሩና ሐሳቡ ስለሚቀላቀል እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ አንባቢ ማን እየተናገረ እንደሆነ ይጠፋዋል፤ መፍትሔው እነዚያን ገጾች ቀስ ብሎ ማንበብ ነው። በዚሁ ምክንያት በድምፅ የተቀዳውን ለመጀመሪያ ንባብ አልመክርም፤ የጎደለ ምልክት በጆሮ አይሰማምና። የወረቀቱ ቅጂ ወደ 400 ገጽ ነው፣ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ቋንቋው ከወጥመድና ከዛፍ ስሞች በቀር አያስቸግርም። አሜሪካ ያላችሁ የሠፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካላችሁ፣ ሊቢ በተባለው መተግበሪያ በነፃ መዋስ ይቻል እንደሆነ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

የሩሲያውን ተረት አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል ወይ? በመጠኑ። ስኔጉሮችካ የምትባለው የበረዶ ልጅ አንድ ወጥ ታሪክ የላትም። በአንዱ አተራረክ ከእኩዮቿ ጋር በእሳት ላይ ስትዘል ትቀልጣለች፤ በሌላው ሽማግሌዎቹ ለቀበሮ ቃል የገቡላትን ዶሮ ስለነፈጓት፣ ከዶሮ አሳንሳችሁ ወደዳችሁኝ ብላ ትሄዳለች። የሩሲያው ጸሐፌ ተውኔት ኦስትሮቭስኪ በ1873 ተውኔት አደረገው፣ የሙዚቃ ደራሲው ሪምስኪ ኮርሳኮቭም ከዚያ ኦፔራ ሠራ። በልቦለዱ ውስጥ ሜብል ራሷ ይህን ተረት ታውቀዋለች፣ ፍጻሜዎቹም ያስፈሯታል። ስለዚህ ፍጻሜው ብዙ ዓይነት መሆኑን ያህል ማወቅ በቂ ነው። አይቪ የትኛውን እንደመረጠች ግን አስቀድማችሁ አትፈልጉ፤ የመጽሐፉ ግማሽ ውጥረት ይጠፋል።

ድክመቱን እንናገር። ሦስተኛው ክፍል ዓመታትን ዘሎ የቤንሰኖችን ትንሹን ልጅ ጋሬትን ወደ መሐል ያመጣል፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ይቸኩላል። የሁለቱ ሽማግሌዎች ትዳር ገጽ በገጽ፣ ዝምታ በዝምታ ሲሠራ ቆይቶ፣ የወጣቶቹ ፍቅር በጥቂት ትዕይንት ያልቃል። ፋይናን የምናያት በሌሎች ዓይን ነው፤ ልጅ ሳለች ይህ ምስጢሯን ይጠብቃል፣ ሴት ስትሆን ግን ባዶነት ይሆናል፣ ምን እንደምትፈልግ የሚጠይቃት የለም። ከሁሉ የባሰው የአገሩ ባለቤቶች ጉዳይ ነው። በዚያ ምድር ዴናይናና አትና የተባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ፤ በዚህ ልቦለድ ውስጥ ግን የሉም ማለት ይቻላል። ጫካው ሰው አልባ ሆኖ የተሳለው ለተረቱ ስለሚመች እንጂ እንዲያ ስለነበረ አይደለም።

ሌላ ማሳሰቢያ፦ የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚከፈተው በሜብል ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ስስ በሆነው የወንዝ በረዶ ላይ ትራመዳለች። ልጅ በሞት ላጣ ሰው ስጦታ አድርጋችሁ ከመስጠታችሁ በፊት አስቡበት። አስቴር በሱሪዋና በቀልዷ እስክትመጣ ድረስ ያለው ክፍል ከባድ ነው፤ ከመጣች በኋላ መጽሐፉ ይተነፍሳል። የሴቶቹ ጓደኝነት ከበረዶዋ ልጅ ይልቅ ይበልጥ ያስደሰታቸው አንባቢዎች ቢኖሩ አልፈርድባቸውም።

ከወደዳችሁት ቀጥሎ ምን? የደራሲዋ ሁለተኛ ልቦለድ «ቱ ዘ ብራይት ኤጅ ኦፍ ዘ ወርልድ» (2016) በዚያው ዎልቨሪን ወንዝ ላይ፣ በ1885 የሚደረግ ጉዞን በማስታወሻና በደብዳቤ ይተርካል፤ የነባሩ ሕዝብ ድምፅ እዚያ ይገኛል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። «ብላክ ውድስ፣ ብሉ ስካይ» (2025) ድብና እናት ያሉበት፣ ከሦስቱ ጨለማው የበረታ ነው። ታሪኮቹ ለየብቻቸው ስለሚቆሙ ቅደም ተከተል አያስጨንቃችሁ፤ ተረቱን ፈልጋችሁ ከመጣችሁ ሁለተኛውን ዘላችሁ ወደ ሦስተኛው ሂዱ።